በካያክ ዓሣ ማጥመድ

በካያክ ዓሣ ማጥመድ ማለት ካያክ በሚባለው ጠባብና ቀላል ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ በመቅዘፊያ ወይም በእግር ፔዳል እየተንቀሳቀሱ፣ በመንጠቆ ዓሣ መያዝ ነው። መነሻው በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች ለአደንና ለዓሣ ማጥመድ ይጠቀሙበት የነበረው የቆዳ ጀልባ ነው። በዛሬው ጊዜ በአብዛኛው ለመዝናኛና ለስፖርት የሚደረግ ሲሆን በተለይ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድና በአውሮፓ ተስፋፍቷል።

ካያክ ከሞተር ጀልባ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው አነስተኛ ነው። ነዳጅ አይፈልግም፤ ድምፅ ስለሌለው ዓሣ አያስበረግግም፤ ጥልቀቱ ከጉልበት በታች በሆነ ውኃ ላይም ይሄዳል። በሌላ በኩል አጥማጁ ከውኃው ወለል ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ብሎ፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን ስለሚቀመጥ፣ መገልበጥ፣ ነፋስና ቅዝቃዜ በትልቅ ጀልባ ካለ ሰው ይበልጥ ያሰጉታል። በዚህ ምክንያት ለጀማሪ የሚመከረው የዕቃ አገዛዝ ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው፦ መጀመሪያ ሕይወት የሚያድነው ዕቃ፣ ቀጥሎ ጀልባው፣ ከዚያ መቅዘፊያው፣ በመጨረሻም የማጥመጃው መሣሪያ።

ታሪክ

«ካያክ» የሚለው ቃል የመጣው ከኢኑዊት ሕዝብ ቋንቋ ነው። ኢኑዊቶች በግሪንላንድና በሰሜን ካናዳ፣ ዩፒኮችና አሌውቶች ደግሞ በአላስካና በአጎራባች ደሴቶች የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በአገራቸው ዛፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ የጀልባውን አጽም የሚሠሩት የባሕር ሞገድ ወደ ዳርቻ ከሚያወጣው ግንድ ወይም ከዓሣ ነባሪ አጥንት ነበር። በአጽሙ ላይ ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ተወጥሮ ይሰፋል፤ ስፌቱም ውኃ እንዳያስገባ በስብ ይቀባል። ጀልባው በባለቤቱ ቁመትና ክንድ ልክ ይሠራ ስለነበር ለአንዱ የተሠራው ለሌላው በደንብ አይስማማም ነበር። ዋና አገልግሎቱ የባሕር እንስሳት አደን ሲሆን አሌውቶች ሃሊበት የተባለውን ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣም በመንጠቆ ያጠምዱበት ነበር።

በአውሮፓ ይህን መሰሉን ትንሽ ጀልባ ለመዝናኛ ያስተዋወቀው ጠበቃው ጆን ማክግሬገር ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በአውሮፓ ወንዞችና ሐይቆች በመጓዝ ጉዞውን በመጽሐፍ አሳትሟል። የካያክ ቀዘፋ እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊኑ ኦሎምፒክ የውድድር ዓይነት ሆነ።

ለዛሬው የካያክ ዓሣ አጠማመድ መሠረት የጣለው ግን በካሊፎርኒያ የተጀመረው ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቲም ኒሚየር የተባለ አሜሪካዊ፣ ሰው ውስጡ ገብቶ ሳይሆን ላዩ ላይ የሚቀመጥበት ካያክ ሠራ። ይህ ዓይነቱ ጀልባ ቢገለበጥም ውኃ አይሞላም፤ ሰውየው ከውኃ ውስጥ ሆኖ መልሶ ሊወጣበት ይችላል። ጀልባዎቹ ፖሊኢትሊን ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ በብዛት መመረት ሲጀምሩ ዋጋቸው ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሆቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በእግር ፔዳል የሚሠራ፣ ከጀልባው ሥር እንደ ዓሣ ክንፍ የሚወዛወዙ ሁለት መቅዘፊያዎች ያሉት መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ አጥማጁ እየተጓዘ ሁለት እጁን ለማጥመጃው ዘንግ ነጻ ማድረግ ቻለ።

ሕይወት የሚያድኑ ዕቃዎች

የሕይወት አድን ጃኬት

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ስለ መዝናኛ ጀልባዎች አደጋ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣል። በሪፖርቶቹ ከሚጠቀሱት የሞት አደጋዎች አብዛኛዎቹ በመስጠም የደረሱ ናቸው፤ ከሰመጡትም ሰዎች ከአምስቱ አራት ያህሉ የሕይወት አድን ጃኬት አላደረጉም ነበር። ዋና መቻል ጃኬቱን አይተካም። በድንገት ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ራሱን ሊመታ፣ ሊደነግጥ፣ በገመድ ወይም በማጥመጃ ክር ሊተበተብ ይችላልና።

ጃኬቱ ከጀልባው ኋላ ታስሮ ሳይሆን ከዳርቻ ከመነሣት አንሥቶ እስኪመለሱ ድረስ ተለብሶ መቆየት አለበት። ከተገለበጡ በኋላ በሞገድ መሐል ጃኬት መልበስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለካያክ የሚሠራው ጃኬት ክንድ እንዳይይዝ ብብቱ ሰፊ ሲሆን፣ የመቀመጫውን መደገፊያ እንዳይነካ የጀርባው ስፖንጅ ከፍ ብሎ ይጀምራል። በአውሮፓ መለኪያ ለቀዛፊዎች የሚሠራው ጃኬት የማንሳፈፍ ኃይል ቢያንስ 50 ኒውተን ነው። ልኩን ለማወቅ ጃኬቱን ለብሶ ቀበቶዎቹን ካጠበቁ በኋላ ሌላ ሰው ከትከሻው ወደ ላይ እንዲጎትተው ማድረግ ይበቃል፤ ወደ አገጭና ወደ ጆሮ ከወጣ ሰፊ ነው። በጋዝ የሚነፋው ቀጭን ጃኬት ክትትል ስለሚፈልግ ለጀማሪ አይመረጥም።

ልብስና የውኃ ሙቀት

የካያክ ተጓዥ የሚለብሰው ለአየሩ ሳይሆን ለውኃው ሙቀት ነው። በጸደይ ወራት አየሩ ሞቃት ሆኖ ውኃው በረዶ ሊቀረው ጥቂት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ለጀማሪዎች አደገኛ የሚባለውም ይኸው ወቅት ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጎርደን ጊዝብረክት ስለ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያስተምሩት «1፣ 10፣ 1» በሚባል ቀመር ነው፦

1 ደቂቃ፦ ሰውነት በቅዝቃዜው ደንግጦ ያለ ፈቃድ በኃይል የሚተነፍስበት ጊዜ ነው። በዚህ ደቂቃ ውስጥ የሚደረገው ነገር ቢኖር አፍን ከውኃ በላይ አድርጎ ትንፋሽን ማረጋጋት ብቻ ነው።
10 ደቂቃ፦ ጣትና ክንድ የሚታዘዙበት ጊዜ ነው። ወደ ጀልባው መውጣት ያለበት በዚህ ጊዜ ነው።
1 ሰዓት፦ የሰውነት ሙቀት ወርዶ ራስን እስከ መሳት የሚያደርስበት ግምታዊ ጊዜ ነው።

ቀመሩ እንደሚያሳየው ብዙ ሰው የሚሞተው ሙቀቱ አልቆ ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በመጀመሪያው ድንጋጤ ወይም እጁ አልታዘዝ ሲለው ነው። ጃኬቱ አፍን ከውኃ በላይ ስለሚይዝ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ያሻግራል። ውኃው ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ዌትሱት የተባለው የላስቲክ ልብስ፣ እጅግ ከቀዘቀዘ ደግሞ ውኃ ፈጽሞ የማያስገባው ድራይሱት ያስፈልጋል። የጥጥ ልብስና ጂንስ ውኃ ይዘው ስለሚከብዱና ሙቀት ስለማይጠብቁ ለዚህ አይሆኑም። በሞቃት አገርም ቢሆን ረጅም እጅጌ ያለው ቀላል ሸሚዝ፣ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋሉ፤ ፀሐዩ ከላይም ከውኃው ነጸብራቅም ይመታልና።

ሌሎች ትንንሽ ዕቃዎች

ፊሽካ በጃኬቱ ላይ ይታሰራል፤ የሰው ጩኸት በነፋስ ሲጠፋ የፊሽካ ድምፅ ሩቅ ይሰማል። በቀላሉ የሚመዘዝ ትንሽ ቢላዋ በገመድ ወይም በክር ለተተበተበ ሰው ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ተደርጎ ከጀልባው ጋር ሳይሆን ከሰውየው ጋር መታሰር አለበት፤ ጀልባው በነፋስ ቢወሰድ ስልኩም አብሮ እንዳይሄድ ነው። ጧት በጨለማ የሚወጣ ወይም አመሻሽቶ የሚመለስ ሰው ነጭ መብራት ይይዛል። የውኃ መቅጃ፣ ስፖንጅ፣ የሚጠጣ ውኃና የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ዕቃም በዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ።

ዋጋ የማያስወጣው መከላከያ ደግሞ ለሰው ነግሮ መውጣት ነው። የት እንደሚነሡ፣ ወዴት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ዳርቻ ላይ ለቀረ ሰው ይነገራል፤ ሰዓቱ ካለፈ ለማን መደወል እንዳለበትም አብሮ ይነገራል።

የካያክ አመራረጥ

የካያክ ዓይነት የሚወሰነው በሚጠመድበት ውኃ ነው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ካያክ፦ በዓሣ አጥማጆች ዘንድ በጣም የተለመደው ነው። አካሉ ዙሪያውን የተዘጋ ሲሆን፣ መቀመጫው ላይ የሚረጨው ውኃ በትንንሽ ቀዳዳዎች ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። ከተገለበጠ በኋላ መልሶ መውጣት ስለሚቻልበት ለጀማሪ የሚመከረው ይህ ነው። ጉዳቱ ክብደቱና ሰውየውን ማርጠቡ ነው።

ውስጡ ገብተው የሚቀመጡበት ካያክ፦ እግር በጀልባው ውስጥ ስለሚዘረጋ ከነፋስና ከቅዝቃዜ ይከልላል፤ ቀላልና ፈጣን ነው። ነገር ግን ከተገለበጠ ውኃ ይሞላል፤ ያለ ሥልጠናም ባዶ ማድረግና መልሶ መግባት ከባድ ነው።

ባለ ፔዳል ካያክ፦ በእግር ስለሚሄድ ሁለት እጅ ነጻ ይሆናል። ዋጋው ከተራው ካያክ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሥር ያለው መሣሪያም ጥልቀት በሌለውና አረም በበዛበት ውኃ ይያዛል። ፔዳሉ ሊበላሽ ስለሚችል መቅዘፊያ ሁልጊዜ አብሮ ይያዛል።

የሚነፋ ካያክ፦ በሻንጣ ስለሚታጠፍ የሚያስቀምጥበት ቦታ ወይም መኪና ለሌለው ሰው ይጠቅማል። በነፋስ በቀላሉ ይገፋል፤ ከመንጠቆና ከሾህም መጠበቅ አለበት።

አብዛኛው የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ከ3 እስከ 4 ሜትር ርዝመት፣ ከ75 እስከ 95 ሳንቲሜትር ስፋት አለው። ረጅምና ጠባብ ጀልባ ፈጣን ሲሆን አቅጣጫውን ጠብቆ ይሄዳል፤ አጭርና ሰፊው ይበልጥ ይረጋጋል፣ በቀላሉም ይዞራል፣ ነገር ግን ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ለትንሽ ሐይቅና ለጠባብ ወንዝ አጭሩ፣ ለትልቅ ሐይቅና ለባሕር ረጅሙ ይስማማል።

እያንዳንዱ ካያክ ሊሸከም የሚችለው ክብደት በአምራቹ ይጻፍበታል። ይህ ቁጥር ጀልባው ሳይሰጥም የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ እንጂ በደህና የሚቀዘፍበት ክብደት ስላልሆነ፣ የተለመደው ምክር ከ70 በመቶው እንዳይታለፍ ነው። ለምሳሌ 150 ኪሎግራም የተጻፈበት ካያክ ምቹ ጭነቱ 105 ኪሎግራም ገደማ ነው፤ 75 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው 20 ኪሎግራም ዕቃ ቢይዝ ድምሩ 95 ስለሚሆን ይበቃዋል። 95 ኪሎግራም ለሚመዝን ሰው ግን ከዕቃው ጋር ያው ጀልባ ያንሰዋል።

የጀልባው የራሱ ክብደትም ይታሰብበታል። ብዙዎቹ ከ25 እስከ 50 ኪሎግራም ይመዝናሉ። ከመኪና ጣሪያ አውርዶ ብቻውን ወደ ውኃ መጎተት የማይችል ሰው ጀልባውን ጥቂት ጊዜ ብቻ ተጠቅሞ ሊተወው ይችላል። ያገለገለ ካያክ የሚገዛ ሰው ሥሩን ገልብጦ፣ በተለይ ዳርቻ ላይ የሚጎተተውን የኋላ ጫፍና የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ዙሪያ መመርመር አለበት፤ ፕላስቲኩ የሚሳሳውና የሚሰነጠቀው እዚያ ነውና። የጀልባው ማፍሰሻ ክዳን መኖሩና መጥበቁም ይታያል። ከመግዛት በፊት መከራየት ወይም መዋስ ከሁሉ የተሻለ ነው።

መቅዘፊያ

የካያክ መቅዘፊያ በሁለቱም ጫፍ ሰፊ ምላስ ያለው ነው። ርዝመቱ የሚወሰነው በጀልባው ስፋትና በመቀመጫው ከፍታ ሲሆን፣ ሰፊ ለሆነው የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ከ230 እስከ 260 ሳንቲሜትር የተለመደ ነው። አጭር መቅዘፊያ እጅን ከጀልባው ጠርዝ ጋር ያጋጫል፤ ከመጠን በላይ የረዘመ ደግሞ ትከሻን ያደክማል። የአሉሚኒየሙ ርካሽ ሲሆን የፋይበርግላሱና የካርቦኑ ቀላል ነው። አንድ ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ስለሚቀዝፍ የጥቂት ግራም ልዩነት በክንድ ላይ ይታወቃል። መቅዘፊያው በአጭር ገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰራል። በፈጣን ወንዝ ላይ ግን ትርፍ ገመድ ከድንጋይና ከግንድ ጋር ስለሚተበተብ አይታሰርም።

የማጥመጃ መሣሪያ

ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ወይም ሁለት ዘንግ ይበቃል። ከ1.8 እስከ 2.1 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ተስማሚ ነው፤ ዓሣው በጀልባው ሥር አልፎ ወደ ሌላው ጎን ሲሸሽ ክሩ ጀልባውን እንዳይነካ ዘንጉን በፊቱ ጫፍ ዞሮ ማሳለፍ ያስፈልጋልና። ሪል የሚባለው ክር መጠቅለያ ለጀማሪ የሚቀለው ክሩ ከፊት ለፊቱ የሚፈታው ዓይነት ነው። የመንጠቆው መጠንና የክሩ ጥንካሬ በሚፈለገው ዓሣ ይወሰናል።

ማጥመጃው ትል ወይም ሌላ ሕያው ምግብ፣ አለበለዚያም ትንሽ ዓሣ የሚመስል ሰው ሠራሽ ማታለያ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሹል ያለው መንጠቆ በጠባብ ጀልባ ላይ ለእጅና ለእግር አደገኛ ነው፤ ባለ አንድ ሹል መንጠቆ፣ ያውም ወደ ኋላ የሚመልሰው ጥርሱ በፒንሳ የተጨፈለቀ፣ ለሰውም ለዓሣም ይሻላል።

ከዚህ ውጪ የሚያስፈልጉት እጀታው አጭር የሆነ መረብ፣ መንጠቆ መንቀያ ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ፣ የክር መቁረጫ መቀስና ለሚበላው ዓሣ በረዶ የያዘ ከረጢት ናቸው። ብዙ አጥማጆች ከመቀመጫው ኋላ የፕላስቲክ የለስላሳ ሳጥን አስረው፣ በጎኑም የፒቪሲ ቱቦ ቁራጮች ጠፍረው ዘንግ ያቆሙበታል። ይህ በጥቂት ገንዘብ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሲሆን ሱቅ ከሚሸጠው ውድ ዕቃ ያላነሰ አገልግሎት ይሰጣል። በድምፅ ሞገድ ጥልቀትንና ዓሣን የሚያሳየው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያም ጠቃሚ ነው፤ ጀማሪው ውኃውን እስኪለምድ ድረስ ግን ሊቆይ ይችላል።

ዋጋ ያለው ዕቃ ሁሉ ይታሰራል ወይም እንዲንሳፈፍ ይደረጋል። በሌላ በኩል ገመድ በበዛ ቁጥር የመተብተብ አደጋም ይበዛል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አጥማጆች ዕቃቸውን ያሳንሳሉ።

መልሕቅ

ነፋስ ቀላል የሆነውን ካያክ ስለሚገፋው በአንድ ቦታ ለማጥመድ መልሕቅ ያስፈልጋል። ለካያክ ከ0.7 እስከ 1.5 ኪሎግራም የሚመዝን ታጣፊ መልሕቅ ይበቃል። ገመዱ ከውኃው ጥልቀት ከ3 እስከ 7 እጥፍ ይረዝማል፤ ለምሳሌ 3 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ከ9 እስከ 21 ሜትር ገመድ ይለቀቃል። መልሕቅ ከጀልባው ጎን ፈጽሞ አይታሰርም። ውኃው የሚፈስ ከሆነ ጎኑን ወደ ታች ስቦ በሰከንዶች ውስጥ ይገለብጠዋል። የሚታሰረው ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ ነው፤ በአስቸጋሪ ጊዜ በአንድ እጅ መፈታት እንዲችልም ይደረጋል። በፈጣን ወንዝ ላይ ጀማሪ መልሕቅ መጣል የለበትም።

መገልበጥና መልሶ መውጣት

የካያክ አጥማጅ ዘንግ ይዞ ከመውጣቱ በፊት ሊማረው የሚገባው ነገር መውደቅና መልሶ መውጣት ነው። ልምምዱ የሚደረገው በሞቃት ቀን፣ በጸጥተኛና ለመቆም በማያስችል ግን ለዳርቻ በቀረበ ውኃ፣ ሌላ ሰው ባለበት ነው። ላዩ ላይ ለሚቀመጡበት ካያክ አካሄዱ እንዲህ ነው፦

1. ከሁሉ በፊት ትንፋሽን ማረጋጋትና ጀልባውን አለመልቀቅ። ባዶ ካያክ በነፋስ ከዋናተኛ ይፈጥናል።
2. ጀልባው ተገልብጦ ከሆነ በሥሩ በኩል እጅን ዘርግቶ የማዶውን ጠርዝ ወይም እጀታ መያዝና ወደ ራስ በመጎተት ማቅናት።
3. በመሐል ከመቀመጫው ጎን ሆኖ፣ እግርን እያንፈራገጡ ሰውነትን በውኃው ላይ ማጋደም።
4. እግሩ እየገፋ ሳለ የማዶውን ጠርዝ ስቦ በሆድ በጀልባው ላይ መውጣት።
5. በሆድ ተኝቶ ከተረጋጉ በኋላ ዞሮ በመቀመጫ መቀመጥ፣ ቀጥሎም እግርን ማስገባት።

ይህን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ሰው ርዳታ ማድረግ ያልቻለ ሰው ከዳርቻ እንዳይርቅ ይመከራል። ልምምዱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ያልታሰረው ዕቃ የትኛው እንደሆነ ያሳያል።

ብዙ ጊዜ ሰው የሚገለበጠው በሞገድ ሳይሆን ዓሣ ለማንሣት ወይም ከኋላው ዕቃ ለማውጣት ሲያዘነብል ነው። ቀላሉ መመሪያ ጭንቅላት ከጀልባው ጠርዝ አይውጣ የሚል ነው፤ ጭንቅላት ከወጣ ሰውነትም ይከተለዋል።

ነፋስና የመጀመሪያው ቀን

ለጀማሪ ከሞገድ ይልቅ ነፋስ ያታልለዋል። ከየብስ ወደ ውኃ የሚነፍስ ነፋስ ዳርቻው ላይ ውኃውን ጸጥ ያለ ያስመስለዋል፤ መቶ ሜትር ከተራቀ በኋላ ግን ጀልባውን ያለ ማቋረጥ ወደ መሐል ይገፋዋል። ነፋሱ በሰዓት ከ18 ኪሎሜትር በላይ ከሆነ ጀማሪ ባይወጣ ይሻላል። በሚወጣበትም ቀን ጉዞውን ነፋሱን ፊት ለፊት በመጋፈጥ መጀመር አለበት፤ ሲደክመው ነፋሱ ራሱ ወደ ተነሣበት ይመልሰዋል።

በብዙ ትላልቅ ሐይቆች ጧት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። በእስራኤል የገሊላ ባሕር በበጋ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ የሚነሣው ብርቱ ነፋስ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ከሰዓት በኋላ ውኃው መናወጡ የተለመደ ነው። ስለዚህ ማለዳ ወጥቶ ረፋዱ ላይ መመለስ ለዓሣውም ለደኅንነቱም ይስማማል። ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያው ወደ ዳርቻ ይቀዘፋል፤ የካርቦን ዘንግና መቅዘፊያ በተዘረጋ ውኃ መሐል መብረቅ ይስባሉና።

የመጀመሪያው ቀን ያለ ማጥመጃ ቢሆን ይመረጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንድ ዘንግ ተይዞ፣ ከዳርቻ ከ50 እስከ 100 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ፣ ከጓደኛ ጋር ይወጣል። ዓሣም በአብዛኛው የሚገኘው በዚሁ ክልል፣ በሸምበቆና በቄጤማ ጠርዝ፣ በወደቀ ግንድ ዙሪያና ወንዝ ወደ ሐይቅ በሚገባበት ቦታ ነው።

ዓሣውን መያዝና መልቀቅ

ዓሣው ሲደክም በመረብ ከጎን ይነሣል፤ በእግሮች መሐልም ይደረጋል። ቆሮሶ በጀርባው፣ አምባዛ በጎን ክንፎቹ ላይ ጠንካራ ሾህ ስላላቸው አያያዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚለቀቅ ዓሣ በረጠበ እጅ ይያዛል፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልለትን ልጋግ ይገፍፈዋል። መንጠቆውን ከዋጠ ክሩን በአፉ አጠገብ መቁረጥ ከመጎተት ይሻላል። የሚበላ ዓሣ ወዲያው ታርዶ በበረዶ ውስጥ ይቀመጣል። አዞ ባለበት ውኃ ዓሣን በገመድ አስሮ ከጀልባው ጎን ማንጠልጠል አደጋ ይጠራል።

ሕግና ፈቃድ

በብዙ አገሮች ለመዝናኛ ለማጥመድም ፈቃድ ያስፈልጋል። በዩናይትድ ስቴትስ የማጥመድ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ነው፤ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚፈሰው የፖቶማክ ወንዝ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ መካከል ስለሚያልፍ፣ አጥማጁ በየትኛው ክልል ውኃ ላይ እንደሚገኝ ማወቅ አለበት። የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ በካያክ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት፣ ከጀምበር ጥልቀት በኋላም ነጭ መብራት እንዲኖር ያዛል። በኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት በአዋጅ ቁጥር 315/1995 እና በክልሎች ሕግ ይተዳደራል። ስለዚህ ከመውጣት በፊት የአካባቢውን የግብርና ቢሮ፣ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነም የፓርኩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የፕላስቲክ ካያክ ብዙም አይታወቅም፤ አሠራሩ ግን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በጣና ሐይቅ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ እንደ ካያክ ሁሉ ጠባብ፣ ለውኃው ወለል የቀረበና በመቅዘፊያ የሚሄድ ነው። በታንኳ ሥራና በዓሣ ማጥመድ በተለይ የታወቁት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። በአባያ ሐይቅም እጅግ ቀላል ከሆነ እንጨት የሚሠራ ትንሽ ጀልባ አለ።

በጣና ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይገኛሉ። የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኛዎቹ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ሲሆኑ፣ በርከት ያሉት በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወቅት በወንዞቹ አፍ ተሰብስበው በመረብ መጠመዳቸው ቁጥራቸውን በእጅጉ ቀንሶታል። ስለዚህ በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰውም በእነዚህ ወራት ከወንዝ አፍ መራቁ ለሐይቁ ይጠቅማል። ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ በጫሞና በአባያ ሐይቆችና በባሮ ወንዝ ይገኛል፤ በጣና ግን የለም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላልና።

በአገሩ ውኃዎች ሦስት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ።

አዞ፦ ጫሞ በትላልቅ አዞዎች የታወቀ ነው። በጫሞ፣ በአባያና በባሮ በካያክ ማጥመድ አይመከርም፤ በእነዚህ ቦታዎች ጎኑ ከፍ ያለ ጀልባና የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።
ጉማሬ፦ በጣና፣ በሐዋሳና በጫሞ ይገኛል። መንገዱ የተዘጋበት ወይም ግልገል ያለው ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። በተለይ ማለዳና ማምሻ ከሸምበቆው ጠርዝ በሩቅ ማለፍ፣ በየብስና በመንጋው መካከልም አለመግባት ይገባል። በየትኛው በኩል እንደሚውሉ የአካባቢው አጥማጆች ያውቃሉ።
ቢልሃርዝያ፦ በጣና ዙሪያና በዝዋይ አካባቢ የታወቀ በሽታ ነው። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣር በበዛበት ዳርቻ ስለሆነ፣ ካያክ ወደ ውኃ የሚገፋ ሰው ረጅም ቦቲ ጫማ ቢያደርግ መልካም ነው፤ ለውኃው ተጋልጦ ከሆነም በኋላ መመርመር አለበት።

እንደ ወንጪ ባሉ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኙ ሐይቆች ደግሞ አደጋው ቅዝቃዜው ነው። አገሩ ሞቃት ነው ተብሎ «1፣ 10፣ 1» የሚለው ቀመር አይዘነጋም።

ደግሞ ይዩ

ታንኳ
ጣና ሐይቅ
ጫሞ ሐይቅ
ዓሣ ማጥመድ
ዋና
ቢልሃርዝያ